የአራሚዋ ካናቴራ

እኛ መሥሪያ ቤት ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። አራት ነጥብ ነው የምንላት። ማተሚያ ቤት ስለሆንን ቅጽል ስማችን ሁሉ ከሥራው ነው የሚወጣው። እሷ ይህን ስም ያገኘችው ግን አንድ ነገር ከተናገረች በኋላ የሚጨመር ስለማይኖር ነው። ወሬ ስንሰልቅ ድንገት ትገባና አንድ ቃል ጣል ታደርጋለች፣ ወሬው እዚያው ያበቃል። ከደራሲም ሆነ ከአለቃ ጋር ስትከራከር እንዲሁ ናት።

የምትሠራው ከኔ ጥረዛ ክፍል ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ «ማረሚያ» የሚል ተለጥፏል። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «ስንት ዓመት ተፈርዶባት ነው?» ይላል፣ እኛም ገና ዛሬ እንደሰማን ሆነን እንስቃለን። እሷ ከወረቀቱ ቀና ሳትል «ዕድሜ ልክ» ትል ነበር። ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ያንኑ ቀልድ ሲያመጣ ግን «ቢፈረድብኝም ይገባኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ደነገጠ። ምን ማለቷ እንደሆነ የምናውቀው ጥቂቶች ነን፣ እኔም ነገሩ እየተጣመመ ሲወራ ስለሰለቸኝ እንደሆነው አድርጌ ልናገረው ብዬ ነው።

አባቷም የዚሁ ቤት ሰው ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የእርሳስ ፊደል ከየሣጥኑ በጣታቸው እየለቀሙ መስመር የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ። ያኔ ጋሼ እንላቸው ነበር፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ጋሼ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከልጃቸው ጋር ብቻ ነው የሚኖሩት። እኚህ ሰው በአፍ የተነገራቸው ነገር በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ይወጣል። የታተመ ከሆነ ግን መነጽራቸውን አጥልቀው ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል፣ ያምኑታልም። የመድኃኒት ማስታወቂያ ሳይቀር ያምናሉ። ስንቀልድባቸው «ሰው ዝም ብሎ ፊደል አይደረድርም፣ ጣት ያማል እኮ!» ይሉናል።

ዓምና ሆዳቸውን ታመሙና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ልጆቻቸውን ለብቻ ጠርቶ ያወጣው ነገር ካንሰር መሆኑን ነገራቸው። ሌላ ከተማ የሚነግድ ታላቅ ወንድም አላት፣ እሱ በመጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ደግሞ ሐኪሙን ለመነ። «አባዬ ይህን ቃል ከሰማ የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ቃሉ ነው» አለው። ሐኪሙ «የሳቸው ሕይወት ነው፣ ማወቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው» ብሎ ተከራከረ። ወንድምየው እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የሁልጊዜዋ አራት ነጥብ ብትሆን ኖሮ እዚህ ጋ አንድ ቃል ተናግራ ነገሩን ትቋጨው ነበር። ያን ቀን ግን ዝም አለች። ወንድምየው ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደውና ለአባታቸው «ክፉ ቁስለት ነበር፣ ወጥቶልሃል» ተባለ።

ከዚያ በኋላ ወንድምየው ወደ ንግዱ ተመለሰ፣ ውሸቱ ለእሷ ቀረ። ቤት የሚዋጥ ክኒን ታዞላቸዋል። እሷ ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሯ ትልጥና አብሮ የሚመጣውን ማብራሪያ ቀዳድዳ ትጥላለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ስሰርዝ ኖሬ አሁን የማጠፋው እውነቱን ሆነ» አለችኝ አንዴ። ሐኪሙ ከስንት ልመና በኋላ ሲስማማ አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር። «ጎናቸውን ወይም ወገባቸውን አመመኝ ካሉ በዚያው ቀን ታመጫቸዋለሽ። ቀጠሮም አይተላለፍም።» እሷም ቃል ገባች።

የስፖርቱ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ቀጭን፣ ጥርሱ የማይከደን፣ የሰው ልጅ ችግር ሁሉ በላብ ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰብስቦን ከሩቅ ለሕክምና የሚመጡ የካንሰር ሕሙማንን የሚያሳድር ማኅበር እንዳለ ነገረን። ሠራተኛው ሰርቪሱን ትቶ በእግሩ ይመላለሳል፣ ማለዳ ልምምድ ያደርጋል፣ በመጨረሻ አንድ እሑድ ከተማውን ዞሮ ይሮጣል። ዘመድና ደንበኛ ደግሞ ለሚሮጥለት ሰው የቻለውን ያዋጣል። ጎበዝ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። ግን ማን ይሩጥ? የኔ ስፖርት ከወንበር መነሳት ነው፣ እሱንም ሳልፈልግ ነው የማደርገው። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው አራት ነጥብ ናት። ሁለት ፌርማታ ለማትሞላ መንገድ ሰርቪስ የምትጠብቅ ሴት!

ጉድ ነው ብዬ ማረሚያ ክፍል ድረስ ተከትያት ገባሁ።

«አንቺ፣ አበድሽ? አስፋልት መሻገር የሚያደክምሽ ሴትዮ!»

«ለአባዬ የማደርገው አንድ እውነተኛ ነገር ይኑረኝ» አለችኝ። «በየቀኑ ፊቱ ላይ መዋሸት ብቻ ሆነ እኮ ሥራዬ።»

  የምትሮጠው በሽታውን ሳይሆን ያንን ዝምታዋን ለማምለጥ መሆኑን ያኔም ጠርጥሬ ነበር።

ካናቴራው እዚሁ እኛ ጋ ይታተም ተባለ። ኃላፊው ደረቱ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ይዞ መጣ፣ «ካንሰርን እናሸንፋለን» ይላል። ማንኛውም ወረቀት ሳይታተም በፊት በእሷ እጅ ማለፍ አለበትና ሰጣት። አየችው፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ «እናሸንፋለን» የሚለውን ሰረዘች።

«ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?» አላት ኃላፊው።

«እናሸንፋለን ሲባል ማንም አያሸንፍም። ሁሉም ከጎኑ ያለውን ሰው ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ ይናገር።» ከበላዩ «አሸንፋለሁ» ብላ ጻፈችበት። «ደግሞ ቃሉ አጠር ስለሚል ፊደሉ ጎላ ብሎ ይወጣል» አለች። አጨበጨብንላት። ኃላፊውማ «አራሚ ማለት እንዲህ ናት!» እያለ ወረቀቱን በየክፍሉ ሲያሳይ ዋለ። በቀይ ካናቴራ ላይ በነጭ፣ ከሩቅ የሚነበብ ሆኖ ወጣ።

ቤቷ ግን እንዴት አድርጋ ትልበሰው? አባትየው ዘንድ ያ ቃል ከተነሳ ጥያቄ ይከተላል ብላ ሰጋች። ስለዚህ በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ትወጣና መሥሪያ ቤት ትቀይራለች፣ ሲመሽም አውልቃ ጠቅልላ ትመለሳለች። አንድ ቀን ዝናብ ደበደባት። የረጠበው እንዳይሸት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ሌላ ልብስ ከላይ ጣል አድርጋበት፣ ማለዳ አባቷ ሳይነሱ አጥቤው እወጣለሁ ብላ ተኛች።

አባቷ ቀድመዋት ተነሱ። ወደ ግቢው ስትወጣ ካናቴራው ታጥቦ፣ ደረቱ ወደ ውጭ ዞሮ፣ አንዲት እጥፋት ሳይኖርበት ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ፊት ለፊቱ ቆመዋል። 

«ያንቺ ነው?» አሏት ሳይዞሩ።

«አዎ አባዬ፣ የኔ ነው።»

«ይህን ነገር ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ።» ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራችው። ስለ በሽታው ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ስለ ራሳቸው ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ዓይኔ ያሳብቅብኛል ብላ ቶሎ አቋረጠቻቸው። «በቃ አባዬ፣ ስለሱ አናውራ። እሺ?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «እሺ ልጄ። አናወራም።»

ያን ቀን ቢሮ ስትገባ በእፎይታ እየተነፈሰች ነበር። «አልጠረጠረም! ስለ ራሱ ምንም አልመሰለውም!» አለችኝ። እኔም እሰይ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አባቷ ሌላ ሰው ሆኑ። ከእሷ ቀድመው ይነሳሉ፣ እንቁላል ጠብሰው ይጠብቋታል፣ ካልጨረሰች ከበር አያስወጧትም። ስትመለስ ለእግሯ ውሃ አሙቀው ይቆያሉ። የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ትራስ ይደርቡላታል። ልምምዱ ስላከሳት ሳህኗን በዓይናቸው ይከተላሉ፣ «ምግብ ይስማማሻል? እንቅልፍስ?» ይሏታል። ካናቴራውን ከእሳቸው በቀር ማንም አያጥበውም፣ በካውያ ተኩሰው አጣጥፈው ይሰጧታል። ይህን ሁሉ እየመጣች በኩራት ታወራልናለች። «በኔ ኮርቷል እኮ!» ትላለች። ሰው አባት እንዲህ ሲያሞላቅቀው መቼም ደስ ይለዋል፣ ያውም እንደሷ የሚያደርገው ጠፍቶት የሚኖር ሰው።

ቀጠሯቸው ሲደርስ ግን «የኔ ይቆይ» አሉ። «እኔ ደህና ነኝ። ይልቅ አንቺ ቀጠሮ የለሽም?»

ሳቀች። «የኔ ቀጠሮ ከሩጫው ጋር ነው አባዬ። ከእሱ በፊት የትም አልሄድም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና አቀረቀሩ። ማታ ማታ «ጎንህን ያምሃል? ወገብህንስ?» ብላ ትጠይቃቸው ነበር፣ መልሳቸው ሁልጊዜ «ምንም» ነው። ቤት ውስጥ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲቀመጡ በርዷቸው መሰላት። ከወንበር ሲነሱ ጠረጴዛውን ሲይዙ ዕድሜ ነው አለች። ያ የቀጠሮ ቀን ደግሞ ከትልቁ ልምምድ ጋር ተጋጥሞባት ነበር። ዛሬ አንጀቷን የሚቆርጣት ይሄ ነው። ስልክ አነሳች፣ ከሩጫው በኋላ ይሁንልን አለች፣ ቀኑ ተቀየረላት። አባቴ ራሱ ነው እምቢ ያለው እያለች ራሷን ታጽናናለች፣ ወዲያው ደግሞ «እምቢ ቢል እንኳ ጎትቼ እወስደው የለም ወይ? ደስ ብሎኝ እኮ ነው የተውኩት!» ትላለች። እኔም አይደለም ብዬ ልከራከራት አልችልም፣ ደስ ሲላት አይቻታለሁና።

እሑዱ ደረሰ። እኔ አልሮጥኩም፣ ካናቴራውን ለብሼ መጨረሻው መስመር ላይ ውሃ አድል ነበር። ጋሼ በጠዋት መጡ። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሰዋል። ሁላችንም ያንኑ ቀይ ካናቴራ ለብሰን ሲያዩ ቆም ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከፎርማኑ ጀምሮ ዘበኛው ድረስ አንድ በአንድ እየዞሩ እጃችንን ጨበጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ይዘው ቆዩ።

«ስለለበሳችሁላት እግዜር ይስጣችሁ» አሉኝ። «ብቻዋን አልተዋችኋትም።»

የሩጫውን መንገድ በከለለው ገመድ ዳር የቆሙት የሯጭ ዘመዶች እንኳ እንደዚያ አላመሰገኑም። ጋሼ ደግሞ አረጁ ብዬ አለፍኩት።

አራት ነጥብ ከመጨረሻዎቹ ጋር ደረሰች። ቀልታ፣ እግሯን እየጎተተች፣ እየሳቀች። አባትየው ገመዱን አልፈው ገቡ። እላያቸው ላይ ወደቀች፣ እሳቸውም አቀፏት፣ ሁሉም ሰው አጨበጨበ። ስትለቃቸው ግን ቀና ማለት አቃታቸው። እንደጎበጡ ቀሩ። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እጇን በካፖርታቸው ሥር ከትታ ጀርባቸውን ስትይዝ አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘችው። ያቺ ሴትዮ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በኃላፊው መኪና ወሰድናቸው። እድል ሆኖ የሚያክማቸው ሐኪም ተረኛ ነበር። በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ላይ አስተኝቶ ጎናቸውን ጫን ሲያደርግ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ይሄ መቼ ጀመረዎት?»

«ቆየት ብሏል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ልጃቸውን አዩዋት። «እስቲ ልጄ፣ ውሃ ፈልጊልኝ» አሏት። ከሩጫው የተረፈ ውሃ ከመጋረጃው ውጭ እኔ ይዤ ስለነበር የትም መሄድ አላስፈለጋትም፣ ከመጋረጃው ወጥታ አጠገቤ ቆመች። እሳቸው የሄደች መስሏቸዋል።

«ዶክተር ልጄ፣ የኔን ተወው» ሲሉ ሰማናቸው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። እሷን እይልኝ። ልጄ ካንሰር አለባት።»

«ማን ነገረዎት?»

«ራሷ ጽፋው አነበብኩት። ካንሰርን አሸንፋለሁ ብላ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። በእጄ ነው የጻፍኩት አለችኝ። ዶክተር፣ እኔ ፊደል ስለቅም ነው ያረጀሁት። ነገሩ የሌላ ሰው ቢሆን እናሸንፋለን ይባል ነበር። አሸንፋለሁ የሚለው ያለበት ሰው ነው። ስጠይቃት አናውራ አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኳት። ከስታለች። ቀጠሮ የለሽም ወይ ብላት ከሩጫው በፊት የትም አልሄድም አለች። እኔ ጎኔን አመመኝ ብላት የራሷን ትታ ከኔ ጋር ልትንከራተት ነው። እናቷን ቀብሬያለሁ፣ እሷን መቅበር አልችልም። እባክህ፣ አንተ አስገድደህ አሳክማት።»

እሷን ማየት ፈራሁ። እጄን ይዛኝ ነበር፣ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ አልታወቃትም። ሐኪሙ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አያት። አልተቆጣትም፣ መንገዱን ብቻ ለቀቀላት። ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ እኔ ምንም የለብኝም።»

«ሰምተሻል ማለት ነው።»

«እውነቴን ነው። ካናቴራው የሁላችንም ነው። ሩጫው ለታመሙ ሰዎች ነበር።»

«አንቺ ግን አሸንፋለሁ ነው ያልሽው። ለማን ብለሽ ነው?»

አንገቷን ደፋች። በሰው አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሁሌ ነጥብ የምታኖረው ሴት አንዲት ቃል ለማውጣት ተናነቃት። «ላንተ ነው» አለች በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ያወጡልህ ቁስለት አልነበረም። ካንሰር ነው። ደበቅንህ አባዬ። እኔ ነኝ የደበቅኩህ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጡም ደግ ነበር። እጃቸውን አነሱና ፊቷን ዳበሱት፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷን።

«አንቺ ምንም የለብሽም?»

«ምንም የለብኝም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው አባዬ።»

«ተመስገን!» አሉ። ሳቁ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ነኛ! እኔ ከሆንኩማ ምን አለበት!» ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በሽታው ተዛምቷል። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» ብሎ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። አሁን ሕክምናው በግልጽ ነው። ጋሼ ሁሉንም ይጠይቃሉ፣ የክኒኑን ማብራሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ፣ ጠያቂ ሲመጣ በሽታቸውን በስሙ እየጠሩ ያወራሉ። ወንድምየው መጥቶ እግራቸው ላይ ሲያለቅስ ራሱን እየዳበሱ ያባበሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤት ውስጥ ፊቱ የጠቆረው የሷ ብቻ ነው።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ አብሬያት እየሄድኩ «አባትሽ እኮ ይቅር ብለውሻል፣ ራስሽን አትብዪው» አልኳት።

«ይቅር አላለኝም» አለች። «መች ተቀየመኝና! ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ እንኳ እኔም ቀለል ይለኝ ነበር። ደስ አለው እኮ። ካንሰሩ የኔ አለመሆኑን ሲሰማ እንደዚያ ሲደሰት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ያንን ፍርሃት ይዞ፣ ጎኑን እያመመው፣ ለኔ ውሃ ያሞቅ ነበር። እኔ ደግሞ እግሬን ዘርግቼ እታጠባለሁ።»

ሰርቪሱ መጣ፣ እኔ ተሳፈርኩ፣ ጋሼ መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ቀን ነበርና እሷ በእግሯ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።